ጫማ ፊቱን ወደ በር

ማዘጋጃ ቤቱ ካርታ አሳትሞ፣
«ባህላዊ ሰፈር» ብሎ ሰይሞ፣
በቀይ ነጥብ ከቦ፣ በቀስት አጅቦ፣
የረሖቮትን ቂርያት ሞሼ ሰጠ ለእንግዳ አቅርቦ።
እኔም ረቡዕ ረቡዕ ስልሳ ሰቅል ተከፍሎኝ፣
ባርኔጣ የደፋ ጎብኚ ተከትሎኝ፣
የኋሊት እየሄድሁ፣ እጄን እየዘረጋሁ፣
ያደግሁበትን ደጅ እንደ ሱቅ ከፈትሁ።

የዚያን ዕለት የመጡት ሁለት ብቻ ነበሩ፤
ከኪዮቶ ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ፤
ቶሺሮ ካሜራው እንደ ክታብ ደረቱ ላይ፣
ሂሳኤ ሚስቱ ዓይኗ ምድር ምድር የሚያይ።

«ጣሪያው ላይ የተሰለፉት ነጫጭ በርሜሎች
ውሃቸውን የምታሞቀው ፀሐይ ናት» አልሁ።
«ያ የሎሚ ዛፍ ባለቤት የለውም፤
ሁሉም ይለቅመዋል፣ ማንም ውሃ አያጠጣውም።
አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሸንጎ ናቸው፤
ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፤
ብይናቸውን ፍርድ ቤት አያውቀውም፣
ፍርድ ቤቱንም እነሱ።»
መግቢያችን ላይ የተለጠፈውን ቢጫ ወረቀት ግን
በትከሻዬ ከልዬ አለፍሁ፤
«ይህ ሕንፃ ይፈርሳል» ይላል፣ ቀንም አለው።

ቶሺሮ ካሜራውን ወደ ሸንጎው ሲያዞር፣
አያ ደምለው ጋዜጣውን ፊቱ ላይ ዘጋው እንደ በር።
ሂሳኤ የባሏን ክንድ ነካ አደረገች፤
«እኔም በዚያ በኩል ቆሜ አውቃለሁ» አለች።

በእንግሊዝኛ፣ ሁለታችንም በተዋስነው አፍ፣
ነገረችኝ፣ ሎሚው ሥር፣ ከጥላው ጫፍ፦

«ሰፈራችን የእንጨት ነው፤ መንገዱ ጠባብ፤
ሁለት ጃንጥላ ሲገናኝ አንዱ ያዘነብላል።
ጠዋት ደጄን እጠርጋለሁ፤ ከጎረቤቴም ደጅ
አንድ ስንዝር ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ ንቀት ይመስላል፣
ካልደረሰም ንፉግነት።
ውሃ እረጫለሁ፣ አቧራው እንዲተኛ።
ሰዎች ይመጣሉ። ‹ቀና በይ› ይሉኛል፤
ደግሞ ‹እንደ ቅድሙ አጎንብሺ› ይሉኛል።
አንድ ቀን አንዱ በሬን አንሸራቶ ገባ፣ ሱቅ መስሎት፤
ባለቤቴ ፎጣ ታጥቆ ነበር።
ሦስታችንም ይቅርታ ተጠያየቅን።»

ያጠናሁት ንግግር አፌ ውስጥ ቀዘቀዘ፤
ስለ ጥልፉ፣ ስለ ሸክላው ያሰብሁት ደነዘዘ።
«ታዲያ ምን ላሳያችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት፤
«ምንም» አለች። «ካለ፣ መቀመጫ ያለበት ቤት።»

ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፣ እናቴ ዘንድ፤
ሊፍት የለ፣ የቁሌት ሽታ ከየበሩ ሲወርድ።
«ኧረ በሞቴ! አታውልቁ!» ብትል እናቴ
ማን ሰምቷት።
ሂሳኤ ደፉ ላይ ተንበረከከች፤
የራሷን ጫማ፣ የባሏን፣ ደግሞም የእኔን
ጥንድ ጥንዱን ገጥማ
ፊታቸውን ወደ በሩ አዞረች።
ቀጥሎ የእናቴን ነጠላ ጫማ፣
ቀጥሎ ያባቴን፣ እሱ ከሞተ ወዲህ
ማንም ፈቀቅ ያላደረገውን።

እናቴ ዝም ብላ ስታያት ቆየች።
«ይቺ ሴት» አለች በመጨረሻ፣ «ስደት ታውቃለች።
በሱዳን መንገድ እኛም እንዲህ ነበር የምናሳድረው፤
አፍንጫውን ወደምንሄድበት፤
ሌሊት ‹ተነሡ!› ሲባል በጨለማ እንዳንሳሳት።»

ተረጎምሁላት። ሂሳኤ ደነገጠች።
«አይ፣ እንግዳ ሲወጣ እንዳይደናበር ነው፤
እናቴ ያስተማረችኝ፤ ያ ብቻ ነው።»
ይህን ደግሞ ለእናቴ አልተረጎምሁላትም።

ብርቱካን ተላጠ። ካሜራው ሶፋው ላይ ተኛ።
ቶሺሮ ልጣጩን በአንድ ረድፍ ሲደረድር
እናቴ ሳቀች፤ ለምን እንደሆነ ሳትናገር።
ሲሄዱ ጫማው እንደ ተገራ በቅሎ ጠበቃቸው፤
እግራቸውን ብቻ አስገቡ፣ ደረጃው ዋጣቸው።

ማታ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያ ሸኝቻቸው ስመለስ፣
መብራቱን ሳላበራ ኮሪደሩን በእግሬ ዳሰስሁ።
እናቴ ሁሉንም መልሳ አዙራቸዋለች፤
የእሷን፣
ያባቴን ሳይቀር፣
አፍንጫቸውን ወደ ውስጥ።